ጣሪያ የሌለው ቁጥር

ባለፈው ቅዳሜ ጪጩ ገበያ አቮካዶ ስመርጥ አስቴር ከኋላዬ በስሜ ጠራችኝ። ፀጉሯ ጣል ጣል አድርጎ ሸብቷል። ጉንጭ ለጉንጭ ተሳስመን ስለ ልጆቻችን አወራን። ከሄደች በኋላ ግን ልገዛ የመጣሁትን ረስቼ ቆምኩ።

ያኔ እኔና እሷ ዲላ፣ የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ነበርን። የፕሮግራሚንግ መምህራችን አንድ አርብ እንዲህ አሉን፦ «አንድ ቁጥር ይዣለሁ። ከአንድ ይጀምራል፣ ጣሪያ ግን የለውም። ‹ከዚህ ይበልጣል?› ብቻ እያላችሁ በጥቂት ጥያቄ አግኙት። ፕሮግራሙን ሰኞ አምጡ።»

ከአንድ እስከ መቶ ቢሉን ኖሮ መሃሉን እየጠየቅን በየጊዜው ግማሹን መጣል እናውቅበት ነበር። መጨረሻው የማይታወቅ ነገር ግን መሃሉ የት ነው? ዝናቡ የዶርሙን ቆርቆሮ ሲደበድብ ሁለት ቀን ሙሉ ወረቀት ስቀድ ሰነበትኩ።

ሰኞ አስቴር ግማሽ ገጽ የማይሞላ ፕሮግራም ይዛ መጣች። ክፍል ውስጥ ድምጿ የማይሰማ፣ ከዲላ በላይ ካለው ደጋ ከቡሌ የመጣች ልጅ ነበረች። አርብ ከሰዓት ከአንድ የአራተኛ ዓመት ተማሪ ወረቀት ስትቀበል አይቻታለሁ። በቃ፣ እሱ ነው የሠራላት አልኩ። በሆዴ ብቻ ብለው ደግ ነበር፤ ሄጄ ለመምህሩ ነገርኩ። የኮረጀ ዓመቱ እንደሚቃጠልበት እያወቅሁ።

መምህሩ ክፍሉ ፊት አስነሷት።

«ማን ሠራልሽ?»

«ራሴ ነኝ።»

«አርብ የተቀበልሽው ወረቀትስ?»

«የመዝሙር ነው፤ አብረን ነው የምንዘምረው» ብላ ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠቻቸው።

አላመኑም። አንድ ቁጥር ጽፈው ኪሳቸው ከተቱና «አግኚው» አሏት።

ከአንድ ይበልጣል? ከሁለት? ከአራት? ከስምንት? እያለች በእጥፍ በእጥፍ ሄደች። እኔ፣ ምልክት ይሰጧት ይሆን ብዬ ዓይኔን ከመምህሩ ፊት አልነቀልኩም። ከአምስት መቶ አሥራ ሁለት ይበልጣል አሉ፤ ከአንድ ሺህ ሃያ አራት ግን አይበልጥም። ያኔ በሁለቱ መካከል መሃል መሃሉን እየጠየቀች አጠበበችው። ከሃያኛው ጥያቄ በኋላ «ሰባት መቶ» አለች።

መምህሩ ወረቀቱን አውጥተው አሳዩን። ሰባት መቶ ነበር።

«እንዴት አሰብሽው?»

«ቅዳሜ ወደ ቤት ስሄድ መኪናውን ጭቃ ያዘውና በእግሬ ሄድኩ። እዛ ነው ያሰብኩት። መጨረሻውን ካላወቅኩ እኔ መጨረሻ አበጅለታለሁ፤ ካልበቃ እጥፍ አደርገዋለሁ።»

ስንወጣ ከቤት ያመጣችውን ቆጮ ቆርሳ ሰጠችኝና «ማን ይሆን የነገራቸው?» አለችኝ።

«እኔ እንጃ» አልኩ። ቆጮዋን መብላት ቀጠልኩ። እሷም አጠገቤ ተቀምጣ ፕሮግራሙን መስመር በመስመር አስረዳችኝ።

ዛሬ እኔም አስተማሪ ነኝ። የተማሪ ወረቀት ሲያጠራጥረኝ ባለቤቱን ለብቻው ጠርቼ አስረዳኝ እላለሁ፤ ያን ያህል ተምሬአለሁ። ለአስቴር ግን እስካሁን አልነገርኳትም። በተገናኘን ቁጥር እንደዚያ በፍቅር ስትስመኝ ፊቷን ሰርቄ አያለሁ፤ ታውቅ ይሆን እላለሁ። ያኔ በአንድ ወረቀት ጠረጠርኳት፤ አሁን ደግሞ ደግነቷን እጠረጥራለሁ።