አበልጄ ያጠጣኝ የባሕር ሳር

ነገሩ የሆነው ባለፈው የፍልሰታ ጾም ነው። ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረው፤ እኔ ግን ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። ጠላት አድርጎት ቢሆን ኖሮ እስካሁን በረሳሁት ነበር።

የምሠራው ላስ ቬጋስ፣ ዘ ስትሪፕ በሚባለው የሆቴሎች ጎዳና ላይ ባለ አንድ ሆቴል አኳሪየም ውስጥ ነው። ሥራዬ የዓሣ ገንዳ ማጽዳት ነው። ጎብኚ በማያየው በጀርባ በኩል አንዲት ቀዝቃዛ ክፍል አለች። እዚያ ሊንዳ የምትባል ተመራማሪ አንድ ዓይነት ቀይ የባሕር ሳር ታሳድጋለች። ባሕሩ እየሞቀ ሲሄድ ሳሩ ከየዳርቻው ጠፍቶ አሁን የቀረው ጥቂት ቦታ ብቻ ነው። ሊንዳ ከተረፈው ላይ ወስዳ እዚህ በረሃ መሃል ታባዛዋለች። መስከረም ላይ ወደ ባሕሩ መልሳ ልትተክለው ነበር።

ውኃውን እንዴት እንደማቀዘቅዝ አስተማረችኝና የክፍሉን ቁልፍ ሰጠችኝ። እውነቱን ለመናገር፣ መጀመሪያ «ለሳር ይሄ ሁሉ ጣጣ!» ብዬ በሆዴ ስቄባት ነበር። ኋላ ግን ወደድኩት። አዲስ ቅርንጫፍ ባወጣ ቁጥር ሊንዳን ጠርቼ የማሳያት እኔ ሆንኩ።

ጌታሁን አበልጄ ነው። ወንድ ልጁን በአርባ ቀኑ ክርስትና ያነሳሁት እኔ ነኝ። በዚያ ሰሞን መኪናዬ ተበላሽታ ስለነበር ከሥራ ስወጣ እየመጣ ይወስደኝ ነበር። የውጭው ሙቀት ሰው ይጠብሳል፤ ስለዚህ ልብሴን ቀይሬ እስክመጣ ቀዝቃዛዋ ክፍል ውስጥ ብቻውን አስቀምጠዋለሁ። ስለ ሳሩም በኩራት አጫውቼዋለሁ።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ስገባ ገንዳው ተራቁቷል። ትልልቆቹ በሙሉ ተነቅለው ተወስደዋል፤ የቀሩት ጥቂት ቀጫጭኖች ናቸው። ሊንዳ መጥታ ስታይ ፊቷ አመድ መሰለ።

«ከአንተ ሌላ እዚህ የገባ ሰው አለ?» አለችኝ።

«ኧረ ማንም!» አልኳት። መዋሸቴ አልነበረም። አበልጄን እንደ ሌላ ሰው ቆጥሬው ስለማላውቅ በሐሳቤም አልመጣም። እግዜር ይቅር ይበለኝና ጥበቃዎቹን ጠረጠርኩ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ጌታሁን አሊያንቴ ሰፈር ወዳለው ቤቱ ጠራን። የጾም ምሳ ቀርቦ ሳለ ወፈር ያለ መጠጥ በብርጭቆ አዞረ። «ሲ ሞስ ነው፤ ይሄ ሰው ሁሉ ለጤና የሚጠጣው የባሕር ሳር፤ ለጾም ኢነርጂ ይሰጣል። ራሴ ነኝ ብሌንድ ያደረግሁት» አለ። ከሱቅ የገዛው መስሎኝ ጠጣሁ። ጣመኝና ደገምኩ።

ብርጭቆዬን ላስቀምጥ ኪችን ስገባ ትሪ ላይ የተሰጣ ቀይ ሳር አየሁ። ሊንዳ በእጇ ቁጥር የጻፈችባቸው ትንንሽ ፕላስቲኮች ገና ከላዩ አልተፈቱም። አንዱን አንስቼ ቁጥሩን አነበብኩ።

ጌታሁን ከኋላዬ ገባ። «አበልጄ፣ ምነው ደነገጥክ? ሳር አይደል እንዴ? ይበቅላል።»

«ባሕሩ ውስጥ እያለቀ ነው ብዬ ነግሬህ አልነበር?»

«እሱን ስትነግረኝ ነው እኮ ጥሩ ነገር መሆኑ የገባኝ!» አለኝ። ምንም አላፈረም። ቀጥሎም «እባክህ ቀስ በል፤ በእንግዳ ፊት አታዋርደኝ» አለ።

ፕላስቲኮቹን ለቅሜ ወጣሁ። ከእሱ መኪና ይልቅ አውቶቡስ መጠበቅ ቀለለኝ። መንገዱን ሙሉ አለቀስኩ።

ሰኞ ለሊንዳ ሁሉንም ነገርኳት። «በሕይወት ያለ አለ?» ብቻ ነው ያለችው። የለም አልኳት። አበልጅ ምን ማለት እንደሆነ፣ ያን ዕለት ለምን «ማንም» እንዳልኩ ላስረዳት ሞከርኩ። አንገቷን ነቀነቀች እንጂ የገባት አልመሰለኝም። የመስከረሙ ተከላ ቀረ።

ጌታሁን ሽማግሌ ልኮብኝ ነበር። «ለእፍኝ ሳር ብለህ ክርስትና ታፈርሳለህ?» አሉኝ። ልጁን ዛሬም እጠይቀዋለሁ፤ እሱ ምን አደረገ? ከአባቱ ጋር ግን ሰላምታ እንጂ ጨዋታ የለንም። የነገርኩትን ሁሉ ሲሰማኝ የነበረው ሳሩን ለመውሰድ ነው ብዬ ሳስብ ያንገበግበኛል።

ሊንዳ ከቀሩት ቀጫጭኖች እንደገና ጀምራለች። ከሥራ አላስባረረችኝም፣ ክፉ ቃልም አልወጣትም። ቁልፉን ግን ተቀብላኛለች። አሁን በሩን ራሷ ትከፍትልኛለች፤ ጽዳቴን እስክጨርስም እዚያው ቆማ ታየኛለች። በእሷ መናደድ አልቻልኩም። እኔም በእሷ ቦታ ብሆን ቆሜ አይ ነበር።