ቀይዋ፣ ሰማያዊዋ እና ከኋላ የምትቀመጠው እናቴ

አርብ ጠዋት ከገላን የተነሳነው ሁለት ሰዎች ነን፤ እኔና እናቴ። እኔ ሁለት ሞተር ሳይክሎች ነድቼ አንዷን ለመምረጥ፣ እናቴ ደግሞ ካዛንቺስ ጁምዓ ሰግዳ ከድሮ ጓደኞቿ ጋር ለመጨዋወት። አገር አቋርጦ የሚያስኬድ መንገድ አይደለም፤ ቂርቆስን ዞሮ መመለስ ነው። ለእኔ ግን ትልቅ ጉዞ ሆነብኝና እንደሄድኩት ልጻፈው።

ነገሩ የሚጀምረው ካዛንቺስ የነበረው ቤታችን ፈርሶ ገላን ቤት ከተሰጠን በኋላ ነው። ቤቱ ደህና ነው። ፀሐይ ይገባዋል፣ ውሃም አይጠፋም፤ አልሐምዱሊላህ። የራቀን ሰው ነው። እናቴ በልጅነቷ ከወሎ መጥታ ዕድሜዋን የገፋችው ካዛንቺስ ነው። አርብ ከስግደት በኋላ ከሦስት ጓደኞቿ ጋር መስጊዱ በር ላይ ያለው ዛፍ ሥር ካልተቀመጠች ሳምንቱ ሳምንት አይመስላትም። አሁን እዚያ ለመድረስ ሁለት ታክሲ መያዝ፣ ሁለት ጊዜ መሰለፍ አለባት። ጉልበቷ ደግሞ መራመድ አይጠላም፤ መቆም ነው የማይወደው። ባለፈው ወር ሁለት አርብ ቀረች። ሁለተኛዋን ዕለት መስኮት ዳር ተቀምጣ «አብሽር፣ ሰው ቀስ በቀስ ይለምደዋል» አለችኝ። የከፋት እሷ፣ የምታጽናናው እኔን! አንጀቴን በላችው። ሞተር ለመግዛት የቆረጥኩት ያን ቀን ነው።

እናትን ለመጫን የስፖርት ሞተር አያስፈልግም የሚል አንባቢ ይኖራል። ልክ ነው። ግን እኔም ሰው ነኝ። ሥራዬ ከቢሮ ቢሮ እየዞርኩ የፎቶኮፒ ማሽን መጠገን ስለሆነ በዓመት የማልረግጠው አስፋልት የለም፤ መንጃ ፈቃዱንም ካወጣሁ ቆይቻለሁ። ዓይኔ ያረፈባቸው ሁለቱ ሞተሮች ጉልበታቸው እኩል፣ ዋጋቸው የተቀራረበ፣ ወዳጆቻቸው ግን ኢንተርኔት ላይ ሲሰዳደቡ የሚውሉ ተቀናቃኞች ናቸው። አንዷ ቀይ፣ አንዷ ሰማያዊ።

ታክሲ ውስጥ እናቴ ወደ እኔ ዞረች።

«ለመሆኑ ይሄ ሞተር ምን ዓይነት ነው?»

«ኔክድ ይሉታል እማ። ማለቴ፣ ሽፋን የለውም። ሞተሩም ብረቱም ሁሉም ነገር ይታያል።»

«እርቃኑን ነው የሚሄደው? አስተግፊሩላህ!»

ከፊታችን የተቀመጠች ሴት በሳቅ ፈነዳች። እናቴ ግን አልሳቀችም።

«ግዛም አትግዛም አልልህም ከማል። በዓይኔ ሳላያትና ዱዓ ሳላደርግላት ግን እንዳትፈርም።»

በእኛ ቤት ጎማ ያለው ነገር ያለ እናቴ ዱዓ አይገባም። ታላቅ ወንድሜ ሳይነግራት የገዛው ብስክሌት በሳምንቱ ተሰርቋል። ይኸው ሃያ ዓመት አለፈው፤ እስከ ዛሬ በማስረጃነት ይጠቀሳል። ስለዚህ የጉዞው ዓላማ ቁልጭ ያለ ነበር፦ እናቴ የምትቀመጥባትንና የምትመርቃትን ሞተር ማግኘት። ካልሆነ ግን አርቦቹ ሊያልቁ ነው።

ላንቻ

«ወራጅ አለ!» ብዬ ላንቻ ወረድኩ፤ እናቴ በዚያው ቀጠለች። ዳዊት የመለዋወጫ ሱቁ በር ላይ ሄልሜቱን ታቅፎ ጠበቀኝ። ዳዊት ካዛንቺስ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ ነበር። የእሱ እናት በትግርኛ፣ የእኔ እናት በወሎ አማርኛ ሲቆጡን በሁለቱም ቋንቋ መሸሽ ለምደን ነው ያደግነው። ሱቁን ለሚስቱ ትቶ ሙሉ ቀኑን ሰጠኝ። እንዲህ ያለ ጓደኛ ስላለኝ ፈጣሪን አመሰግናለሁ፤ ፊት ለፊት ብነግረው ግን መሳለቂያ ነው የሚያደርገኝ።

«ስማ፣ ቀለም አይተህ እንዳትፈዝ» አለኝ። «ፍሬኑን፣ ፍሪሲዮኑን፣ ሰንሰለቱን እኔ አየዋለሁ። አንተ በቃ ንዳ።»

አሮጌ ሞተሩ ላይ ከኋላው ተፈናጠጥኩ። ኮርቻው ተቀዷል፣ ማርሚታው ያስላል። የላንቻን ሚኒባሶች እየተሽለኮለክን አለፍን።

መስቀል ፍላወር

ቀይዋ አንድ ካፌ በር ላይ ቆማለች። ባለቤቷ ሄኖክ ይባላል፤ ሠላሳ ያልሞላው፣ ፊቱ እንቅልፍ ያጣ ወጣት ነው። ለምን እንደሚሸጣት ጠየቅኩት።

«ልጅ ወለድን ብሮ። ሚስቴ "እስኪ ሕፃኑ የት ጋ እንደሚቀመጥ አሳየኝ" አለችኝ። ይኸው እየሸጥኳት ነው።»

ቁልፉን ሰጠኝ። ቀይዋ ቁጡ ናት። መሪዋ ዝቅ ያለ፣ የፊት መብራቷ እንደተኮሳተረ ሰው ግንባር የተሸበሸበ። ነዳጅ ስሰጣት ከእጄ ልታመልጥ ምንም አልቀራትም። ድምፅዋን እንኳ ባልናገር ይሻላል፤ ያገር ሰው ዞሮ አየኝ፣ እኔም እንዲያየኝ ብዬ ሁለተኛ ዞርኩ። ፍሬኗ ሲይዝ ይይዛል። መታጠፊያ ላይ ያሰብኩትን ቀድማ የምታውቅ ነው የሚመስለው። ስወርድ ጉንጬን አሞኝ ነበር፤ ለካ ጥርሴን እንደገለጥኩ ነው የቆየሁት።

ዳዊት ሰንሰለቷን ዳስሶ፣ የነዳጅ ሰልባቲዮዋን አንኳኩቶ «ንጹሕ ናት» አለ። ከዚያ የኋላውን ኮርቻ በመዳፉ መታ አደረገው። ከነጂው ከፍ ብሎ የተሰቀለ፣ መዳፍ የምታህል ጠንካራ ነገር ናት። የሚያዝ እጀታ የለም።

«እማማ ፋጡማ እዚህ ላይ?» አለኝ።

ቁልፉን ለሄኖክ መለስኩለት።

ሜክሲኮ

ሰማያዊዋ ሜክሲኮ አንድ ሕንጻ ምድር ቤት ውስጥ አንሶላ ተከናንባ አገኘናት። ባለቤቷ አቶ ሙሉጌታ ከረባት ያሰሩ፣ ስልሳ የዘለሉ ሰው ናቸው። አንሶላውን እንደ ሙሽራ ዓይነ ርግብ በጥንቃቄ ገለጡት።

«ጀርባዬ ነው ያሸነፈኝ» አሉ። «እሷማ ምን አጠፋች?»

ሰማያዊዋ ጨዋ ናት። መሪዋ ከፍ ያለ፣ ማርሿ እንደ ቅቤ የሚገባ፤ አደባባዩን በዚያ ሁሉ ታክሲና ነጋዴ መሃል ስዞር አንዴም አላስደነገጠችኝም። ጉልበቷ ከቀይዋ አያንስም፤ አለመጮህዋ ነው ልዩነቱ። ኮርቻዋ ሰፊና ወጥ ነው፤ ከኋላ ግራና ቀኝ ደህና እጀታ አለው። ስመለስ ጉንጬ ደህና ነበር። «ሸጋ ናት» አልኳቸው፣ ከልቤ።

ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ከዳዊት ጋር እዚያው ሜክሲኮ አንዲት ጠባብ ምግብ ቤት ገባን። አርብ ለሁለታችን ጥሩ ቀን ነው። እሱ ስለሚጾም ሥጋ የለም፤ ሥጋ ከሌለ የማን ቢላ አረደው የሚባል ጥያቄ የለም፤ ከአንድ ትሪ እንበላለን። በያይነቱ አዘዝን። ስልሱ የሚያቃጥል፣ ምስሩ የተዋጣለት ነበር።

«እሺ፣ እማማ እንዴት ነው የሚቀመጡት?» አለ ዳዊት እየጎረሰ።

«በጎን ነዋ! ረጅም ቀሚስ የለበሰች፣ ጉልበቷን የሚያማት ሴት እንዴት ልትቀመጥ ኖሯል?»

«ቀይዋ ላይ በጎን ከተቀመጡማ አንተ ስትነሳ እሳቸው መስቀል ፍላወር ይቀራሉ።»

ሳቅን። ከዚያ መሳቁን ተውኩት፤ ነገሩ ማለቁ ገብቶኛል። ቀይዋን ልቤ ወዷታል፣ ግን የምገዛው ለልቤ ብቻ አይደለም። ዳዊት አንድ ጉርሻ ጠቅልሎ አጎረሰኝ፤ ይሄ የእሱ ማጽናኛ ነው። ለአቶ ሙሉጌታ ከስግደት በኋላ ካዛንቺስ እንዲመጡ፣ ለሄኖክ ደግሞ እናቴ እዚያ ሰማያዊዋን ልታይ መሆኑን ነግሬ ይቅርታ ለማለት ደወልኩ። ሄኖክ እልኸኛ ነው።

«እናትህ ሳያዩዋትማ አልተሸነፈችም» አለና ዘጋው።

ካዛንቺስ

መንገዱ ሰፍቷል። የእግረኛው መንገድ አንድ ሠርግ ይችላል፤ መብራቱ በሰልፍ ቆሟል። ያደግኩበትን ሰፈር አቅጣጫ ጠይቄ ልገባ ምንም አልቀረኝም። መስጊዱ ግን እዚያው ነው።

ሰግጄ ስወጣ ሁለቱ ሞተሮች ጎን ለጎን ቆመዋል። ሄኖክና አቶ ሙሉጌታ በየሞተራቸው አጠገብ፣ ዳዊት መሃል እንደ ዳኛ። እናቴ ከነጓደኞቿ ከዛፉ ሥር ተነስታ መጣች። ሁለቱንም አንድ አንድ ጊዜ ዞረቻቸው።

«ሰማያዊዋን ነው እማ» አልኳት ቶሎ ብዬ። «ኮርቻዋ ሰፊ ነው። በጎን ስትቀመጪ ይቺን እጀታ ትይዣለሽ።»

«በጎን?» አለች። «ማን ነው በጎን እቀመጣለሁ ያለህ?»

«ቀሚስሽ...»

የቀሚሷን ጫፍ ትንሽ አነሳችው። ከሥሩ እስከ ቁርጭምጭሚቷ የሚደርስ ሱሪ አለ። ዕድሜ ልኬን ልብስ ማስጫ ገመድ ላይ ሳየው የኖርኩት ሱሪ!

«እኔ ከወረባቦ ወደ ሐይቅ ገበያ በበቅሎ እየወረድኩ ያደግኩ ሰው ነኝ። በጎን የሚንጠለጠል ጭነት ነው ልጄ።»

ጓደኞቿ እየተደጋገፉ ሳቁ። ዳዊት ወደ ሰማይ አየ። ሜክሲኮ ላይ ከምስሩ ጋር አላምጠን የዋጥነው ውሳኔ በሙሉ እሷን ሳንጠይቅ ያደረግነው ነበር።

ቀጥሎ የሆነውን መንገደኛው ቆሞ ነው ያየው። እናቴ ሻሿን አጠበቀች፣ የዳዊትን ሄልሜት አጠለቀች፣ ሰማያዊዋን ወደ እግረኛው መንገድ ጠርዝ እንዳስጠጋት አዘዘችኝ። «በቅሎም የሚወጣው ከድንጋይ ላይ ነው» አለችና በአንድ እርምጃ ተፈናጠጠች፤ ጉልበቷ ትንፍሽ አላለም። ቀስ ብዬ ትንሽ ነድቼ መለስኳት። «ደህና ናት፤ አትነቀንቅም» አለች። አቶ ሙሉጌታ ፈገግ አሉ።

«ያቺንም» አለች።

ቀይዋ ላይ እንደወጣች ወገቤን ያዘችኝ። ገና ስንነሳ ጆሮዬ ሥር «ቆይ፣ ቆይ» አለች። ደንግጬ አቆምኩ።

«ምነው? ፈራሽ?»

«ኧረ አይደለም። ይታየኛል። ወደ ቤታችን ንዳ።»

ቤታችን የለም አላልኳትም። በነበረበት በኩል በእግር ፍጥነት ነዳሁ። ቀይዋም ጮሃ የማታውቅ ይመስል እንደ በቅሎ ገርታ ሄደች። እናቴ በትከሻዬ ላይ እጇን ዘርግታ እያሳየችኝ ነበር። «የዘይነባ ሱቅ እዚህ ጋ። የነዳዊት አጥር እዚህ። ያቺ ዛፍ የኛ ናት፤ በራችን ከሷ ቀጥሎ ነው።» እኔ አዲስ መንገድ ብቻ ያየሁበት ቦታ ላይ እሷ ቤት በቤት ቆጠረችው። ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር፤ ደግነቱ የሄኖክን ሄልሜት አጥልቄያለሁ።

ስንመለስ ወርዳ ቀይዋን በመዳፏ ነካች። «ይቺ ናት።»

አቶ ሙሉጌታን ማየት አፈርኩ። እሳቸው ግን ከረባታቸውን አስተካክለው ወደ እናቴ ቀረቡ።

«እናት ከመረጠች ምን ይባላል? ብቻ ለሰማያዊዋም ደህና ሰው እንዲመጣላት ዱዓ ያድርጉልኝ።»

እናቴ እጆቿን ዘረጋች። ለቀይዋ፣ ለሰማያዊዋ፣ ለሄኖክ ሕፃን፣ ለአቶ ሙሉጌታ ጀርባ፣ ለዳዊት ሱቅ ሳይቀር ለመነች። ጓደኞቿ «አሚን» ሲሉ ዳዊትና ሄኖክ «አሜን» አሉ፤ አቶ ሙሉጌታም ዝቅ ባለ ድምፅ።

መመለሻ

ፊርማው ለሰኞ ስለሆነ ወደ ገላን የተመለስነው እንደመጣነው በታክሲ ነው። ሰልፉ ረጅም ነበር። አንዲት ልጅ እናቴን አይታ «እማማ ይለፉ» አለች፤ ከፊት የነበሩትም አሳለፉን። ከዚህ በፊትም ስንቱ እንዲህ አሳልፏት ይሆን? ሰልፉን ስረግም ይሄን አስቤው አላውቅም ነበር።

ቤት ገብተን ጫማዋን ስታወልቅ የሚከነክነኝን ጠየቅኳት።

«እማ፣ ቀይዋን የመረጥሻት እኔ ስለወደድኳት ነው አይደል?»

«መውደድህንማ ገና ሰማያዊዋን ስታሞግስ አውቄዋለሁ» አለች። «ግን ለዚያ አይደለም። ሰማያዊዋ ላይ ጀርባህን ብቻ ነው የማየው። ቀይዋ ከፍ ታደርገኛለች።»

ጉልበቷን አሸት አሸት አደረገች። ከዚያ ሳቋ መጣ።

«ሳዝልህ ጀርባዬ ላይ አርፈህ አትተኛም ነበር። አንገትህን በትከሻዬ አስግገህ ካዛንቺስን ስታይ ነው የምትውለው። አሁን ደግሞ ተራው የኔ ነው።»

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ለሰው መልካም ከማድረግ በፊት ሰውየውን መጠየቅ እንደሚገባ ነው። ሞተር ለመምረጥ ወጥቼ ያገኘሁት ግን ከዚያ ይበልጣል። በሚቀጥለው አርብ ጠዋት እናቴ ከእኔ ቀድማ ለብሳ፣ ሄልሜቷን ጭና፣ በራችን ላይ ያለው ደረጃ ጠርዝ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።