መምህር ኤልያስ የሰረዙት የከዋክብት ዘለላ

በዚህ ነገር ውስጥ ሦስት ሰዎች ነን። አንደኛው መምህር ኤልያስ ናቸው፤ ዲላ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ፊዚክስ ያስተማሩ፣ ባለፈው ማክሰኞ በሞት የተለዩን። ሁለተኛዋ ተማሪያቸው ትዕግሥት ናት፤ የእኔ የመጀመሪያ ልጅ። ሦስተኛው እኔ በራሶ ነኝ፤ ጨለለቅቱ በምትባል ከተማ በእሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያ የገበሬውን ቡና መዝኜ የምቀበል፣ ፊደልን ያለ አስተማሪ የለየሁ ሰው። በቀብራቸው ላይ ብዙዎች መልካም ተናገሩ። እኔ የምጽፈው እዚያ ቆሜ ለመናገር ያፈርኩበትን ነው።

ትዕግሥት ለሁለተኛ ዲግሪዋ ከዋክብት ላጥና ስትል «ኮከብ ቆጣሪ አላሳደግኩም!» ብዬ ዲላ ድረስ ልከሳቸው ሄድኩ። መምህር አልተቆጡም። «ክፍል ይግቡና ይዩ፤ ካልወደዱት ይዘዋት ይሂዱ» አሉኝ።

ገባሁ። መምህር የከሰል ካውያ አግለው ተማሪዎቹን ዓይናቸውን አስጨፈኑና መዳፋቸውን አስዘረጓቸው። «ካውያው የት ነው?» ሁሉም ወደ ካውያው ጠቆሙ። «አያችሁ፣ ዓይን ያላየውን መዳፍ አገኘው። ኮከብ ሲወለድ በአቧራ ደመና ተሸፍኖ ነው። እኛ የምናየው ብርሃን ደመናውን አያልፍም፤ ኢንፍራሬድ የሚባለው፣ ሙቀት የሚታይበት ብርሃን ግን ያልፋል።» መላውን ሰማይ በዚህ ብርሃን የቃኙ ሰዎች እንዳሉ፣ ምስሉንም ለማንም በነፃ እንደሚሰጡ ነገሩን። ልጄን ይዤ አልሄድኩም።

ሁለቱ ከዚያ ምስል አንድ ደመና መርጠው ሁለት ዓመት ሠሩ። መብራት ሲጠፋ መምህር ቁጥሮቹን በደብተር እንድታሰላ ያደርጓት ነበር። በመጨረሻ ወደ አርባ የሚሆኑ ቀያይ ከዋክብት አገኙ፤ አብረው የተወለዱ የወጣት ከዋክብት ዘለላ ነው አሉ። ትዕግሥት ጥናቷን ፈታኞች ፊት ለማቅረብ ሁለት ሳምንት ቀራት። ካለፈች የመምህርነት ቦታ ይጠብቃት ነበር።

በዚያ ሰሞን ልጠይቃት ሄጄ ምስሉን አሳዩኝ።

«ወጣት መሆናቸውን በምን አወቃችሁ?» አልኩ።

«ቀይ ናቸዋ፣ አባዬ» አለች።

«ቀይ ሁሉ የበሰለ አይደለም። ትል የበላው ቡናም ያለጊዜው ይቀላል።»

መምህር ቀና አሉ። «እናንተስ በምን ትለያላችሁ?»

«ውሃ ውስጥ እንከተዋለን። ደህናው ይሰምጣል፣ የተበላው ይንሳፈፋል።»

መምህር ምስሉን ደግመው አዩት። ከዚያ ወደ ልጄ ዞረው «ትዕግሥት፣ የእኛስ ውሃ የቱ ነው?» አሏት። እሷም ወደ ምስሉ ተመልሳ ቀዮቹን አንድ በአንድ ማየት ጀመረች።

በሳምንቱ መምህር በሚኒባስ፣ ከዚያም በሞተር ሳይክል ጭቃ በጭቃ ሆነው ማጠቢያው ድረስ መጡ፤ ትዕግሥት ተከትላቸዋለች። እውነተኛ ወጣት ኮከብ በዙሪያው የሞቀ አቧራ ስላለው፣ ረዘም ባለው የኢንፍራሬድ ሞገድ ደምቆ መታየት አለበት አሉኝ። የዚያን ሞገድ ምስል አውርደው ሲፈትሹ አብዛኞቹ አልደመቁም። ከደመናው ጀርባ ያሉ ያረጁ ከዋክብት ነበሩ፤ ያቀላቸው በመካከል ያለው አቧራ ነው። የተረፉት ጥቂቶችም የተበታተኑ ናቸው። «ዘለላ የሚባል የለም። እሰርዘዋለሁ። ለእርስዎ ግን ፊት ለፊት መንገር ነበረብኝ» አሉኝ።

እዚህ ላይ ነው ያፈርኩት። በልጆቼ ላይ ለአንዲት ውሸት እንኳ ቀበቶ የማነሳ ሰው «መምህር፣ ማን ያውቃል? ፈታኞቹ አላዩት። ልጅቷ ትለፍና ኋላ ይታረማል» አልኩ። ልጄ አጠገባችን ቆማ ነበር።

መምህር ሚዛኔን አዩት። «አቶ በራሶ፣ ገበሬ ከጆንያው ሥር ድንጋይ ከቶ ቢመጣ ምን ያደርጉታል?»

«አባርረዋለሁ።»

«ታዲያ እኔን በምን ዓይንዎ ሊያሳልፉኝ ነው?»

የሚዛኑ ሠራተኞች ሳቁ። 

መምህር ፈታኞቹ ፊት ቆመው «ስህተቱ የእኔ ነው፤ እሷ የሠራችው ያዘዝኳትን ነው» አሉ። በዚያው ጥናት ሊያገኙት የነበረው የማዕረግ ዕድገት ቀረ፤ እስከ ዕለተ ሞታቸውም አልመጣም። ለትዕግሥት የታሰበው ቦታ ለሌላ ተሰጠ። እሳቸው ግን ሌላ ደመና መርጠው እንደገና አስጀመሯት። በዓመቱ በሁለቱም ሞገድ ተፈትሾ ያልወደቀ ዘለላ አገኘች፤ ትንሽ ነው፣ አሥራ አንድ ኮከብ ብቻ። ፈታኞቹ ቢያገላብጡትም የሚጥሉት አላገኙም። ዛሬ እሷም መምህርት ናት። ተማሪዎቿ አንድ ነገር አገኘን ሲሏት መጀመሪያ የምትጠይቃቸው ምን ቢታይ እንደሚሰርዙት ነው።

ወላጆች ሆይ፣ ለልጅ እውነትን በቀበቶ ማስተማር ቀላል ነው። በገዛ ኪሳራ ማስተማር ከባድ ነው፤ እኔ ያየሁት አንድ ሰው ሲያደርገው ብቻ ነው።

መምህር፣ በሕይወት ሳሉ ይቅርታ ሳልጠይቅዎ ቀርቻለሁ፤ አሁን እጠይቅዎታለሁ። በሰላም ይረፉ። ያ የሰረዙት ዘለላ ያስከፈለንን ደምሬዋለሁ፦ እርስዎን ማዕረግዎን፣ ትዕግሥትን አንድ ዓመትና የታሰበላትን ቦታ፣ እኔን ደግሞ በልጄ ፊት ዋሽቶ የማያውቅ አባት መባልን። አልበዛብንም።