ከኋላ ያለችው መብራት

ባለቤቴ መንገድ ተቆጣጣሪ ነበር። ከአዲስ ዓለም እስከ እጃጂ የሚዞርባት መኪና የውጭ አገር መሐንዲሶች ሲሄዱ የተዉዋት ናት፤ ኋላዋ ቤት ነው። አልጋ፣ ትንሽ ቁም ሣጥን፣ ቡታጋዝ፣ ጣሪያዋ ላይ አንዲት አምፖል። ሁለት ባትሪ ነበራት፤ አንዱ ሞተሩን ያስነሣል፣ ሌላው የቤቱን መብራት ያበራል። ጎረቤቶቻችን «የሙሽሮቹ ቤት ጎማ አወጣ» እያሉ ይስቁብን ነበር። ይሳቁ። እንደዚያች ቤት የወደድኩት ቤት ከዚያ ወዲህ አልኖረኝም።

የቤቱ ባትሪ ከሞተሩ ኃይል መቀበሉን ማወቅ ቀላል ነው፤ ግን ሁለት ሰው ይፈልጋል። አመሻሽ ላይ እሱ መኪናዋን ያቆምና ሞተሩን ያጠፋል፤ እኔ ኋላ ገብቼ መብራቷን አበራና አልጋው ላይ ቁጭ እላለሁ። ከዚያ ሞተሩን አስነሥቶ ነዳጅ ይሰጣታል። መብራቷ ደመቅ ካለች ባትሪው እየሞላ ነው፤ ባለችበት ከቀረች አይሞላም። በመካከላችን የቆርቆሮ ግድግዳ ስላለ እሱ አያያትም። ስለዚህ ከፊት ይጮኻል፦

«ደበሌ?»

ጨመረ ወይ ማለቱ ነው። አፉን የፈታው በኦሮምኛ ስለሆነ ሲቸኩል ወደዚያው ይሄዳል።

«ጨምሯል!» እላለሁ እኔ።

አለቃው አብሬው እንድጓዝ የፈቀደውም በዚሁ ሰበብ ነው። «ሚስትህ የመንግሥት መኪና ላይ ምን ትሠራለች?» ቢለው፣ «ያለ እሷ ባትሪው መሙላቱን በምን አውቃለሁ?» አለው። አለቃው ስቆ ተወው። እኔም ሹመት እንዳገኘ ሰው ደረቴን ነፋሁ።

ጉዳችንን ያመጣው የአምቦ ውሃ ነው። ባትሪ የሚጨመርበት የተጣራ ውሃ አለ፤ አንድ ቀን የያዘው አለቀበትና ከምንጩ በጠርሙስ ቀድቶ መጣ።

«ኧረ ተው፣ ይሄ ውሃ ጨው አለበት» አልኩት።

«የሰው ሆድ የሚያሽር ውሃ ለባትሪ ሊያንስ ነው?» ብሎ ገለበጠበት።

የአምቦ ልጅ ነዋ! ውሃውን ማማት ዘመዱን ማማት ነው።

ብዙም ሳይቆይ እጃጂ ላይ እንደ ልማዳችን ቆመን «ደበሌ?» አለ። መብራቷን አየኋት፤ ባለችበት ናት።

«አልጨመረም!»

ደግሞ ነዳጁን ረገጠ። «አሁንስ?»

«ኧረ ምንም!»

ወርዶ ሽቦውን ፈታ፣ ጠረገ፣ አጠበቀ፤ ወይ ፍንክች። የዚያን ዕለት በኩራዝ ራታችንን በላን። እኔ ስለ ውሃው ትንፍሽ አላልኩም፣ እሱም አላነሣም። ጥፋቱን ያወቀ ፊቱ ግን እንዴት ያስቅ ነበር!

መሥሪያ ቤቱ አዲስ ባትሪ ሰጠው። መካኒኩ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር እንዳይደገም ብሎ ከመሪው አጠገብ ክብ ጌጅ ገጠመለት፤ ባትሪው ሲሞላ መርፌዋ ወደ ቀኝ ትሄዳለች። አለቃው ያንን ሲያይ «እንግዲህ ሁለተኛ ሰው አያስፈልግህም» አለው። በቃ፣ እኔ አምቦ ቀረሁ።

በመርፌ ተተካሁ ብዬ አኮረፍኩ። የተከራየናት ቤት ሰፊ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ብዞርባት የምሠራው ነገር አጣሁ። መኪናዋ ወደ ጉደር ስትወርድ ድምጿ እስኪጠፋ በር ላይ እቆማለሁ። እውነቱን ልናገር፣ የናፈቀኝ መንገዱ አልነበረም፤ ከፊት ሆኖ የሚጠይቀኝ ድምፅ ነው።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ባለቤቴ መኪናዋን ይዞ መጥቶ ደጃፋችን ላይ ቆመ። ይወርዳል ብዬ ብጠብቅ በመስኮት ብቅ ብሎ «ኋላ ግቢና መብራቷን አብሪ» አለኝ።

«ጌጅ ተገጥሞልህ የለ? እሱን አትጠይቅም?» አልኩት፤ ኩርፊያዬ ገና አልወጣልኝም።

ቀረብ ብዬ በመስኮቱ ሳይ፣ ኮፍያውን አውልቆ ጌጁ ላይ ደፍቶበታል። መርፌዋ አትታይም። ቀና ብሎም አላየኝም፤ መሪውን ይዞ ይጠብቃል።

ሄጄ ኋላ ገባሁ። ሞተሩ ተነሣ።

«ደበሌ?»

እንባዬ መጥቶ መብራቷን አላየኋትም። «ጨምሯል!» አልኩ እንዲሁ።

መኪናዋ ካረጀች፣ እሱም ካለፈ ብዙ ጊዜ ሆነ። ዛሬም የቤቴ መብራት ፈዞ ቆይቶ ድንገት ደመቅ ሲል «ጨምሯል!» እላለሁ ጮክ ብዬ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ።