በዘጌ ትልም የለም

አክስቴ የሺመቤት «መንግሥትን ናቀች» ተብሎ ተወርቶባቸዋል። ውሸት ነው። መጀመሪያ እርዳታ ፍለጋ የሄዱት እሳቸው ናቸው። በደርግ ዘመን፣ በሰባ ሰባት፣ የዘጌ ቡና ፍሬው እየጠቆረ ረገፈ፤ በዘጌ ደግሞ ቡና ካልተሸጠ እህል አይሸመትም። አክስቴ በታንኳ ባሕር ዳር ተሻግረው «ገበሬ ይረዳል ሲባል ሰምቼ መጣሁ፤ ቡናዬ ታሟል» እያሉ ከቢሮ ቢሮ ደጅ ጠኑ።

በመጨረሻ አስናቀ የሚባል የግብርና ሠራተኛ አነጋገራቸው። ደግ ልጅ ነበር።

«እናቴ፣ ዘንድሮ ያለው እርዳታ ለሚያርስ ማኅበር ብቻ ነው። ካረሳችሁ ዘርም፣ ማዳበሪያም፣ ስንዴም አለ።»

ዘጌ አይታረስም። በሬ እንዳይጠመድበት የጥንት አባቶች በግዝት ከልክለዋል፤ ደኑ የቆመው፣ ቡናውም በጥላው የሚኖረው በዚህ ነው። አክስቴ «እንግዲያው ይቅርብኝ» ብለው ተመለሱ።

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ቢያዝን ግን ስንዴውን ሰምቶ ኖሯል። «ለስሙ አንድ ማሳ እናርሳለን» አለ። የማንን? ከሁሉ ይበልጥ የታመመውን፣ የአክስቴን። ጎረቤት ሁሉ ዝም አለ። ርቦታል፤ አልፈርድበትም። ኧረ እፈርድበታለሁ!

ቢያዝን ከዘንዘልማ አካሉ የሚባል አራሽ ከነጥማዱ አስመጣ። የደረቁትን የቡና እግሮች አስነቅሎ «ጥመድ» አለው። በሬዎቹ እንደተጠመዱ አክስቴ ፊታቸው ቆሙ።

«በሕግ አምላክ!»

አካሉ ባለበት ቀረ። በሕግ አምላክ የተባለ ሰው እግሩን አያነሣም።

«እረስ እንጂ! ሕጉ እኔ ነኝ!» ብሎ ቢያዝን ጮኸ።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ በሕግ አምላክ ተብዬማ አላርስም» አለና አካሉ ጅራፉን ጥሎ ዛፍ ሥር ተቀመጠ።

«እንግዲያው ከእናንተ አንዱ ይያዝ!»

ማን ይያዝ? የዘጌ ሰው መች ዕርፍ ጨብጦ ያውቃል! ቢያዝን ተናዶ ራሱ ያዘ። እሱም የዘጌ ልጅ ነው። አንዱ በሬ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ኋላ ሲል ማረሻው ተገለበጠና ሊቀ መንበሩ በጉልበቱ ወደቀ። ስንዴውን ሲጠብቅ የነበረው ሕዝብ በሳቅ ፈረሰ።

አክስቴ አልሳቁም። ቢያዝን አንቱታውን ረስቶ «ከማኅበሩ ትባረሪያለሽ! ከማኅበሩ ሱቅ ጨው እንኳ አትገዢም!» አላቸው።

«አባርረኝ። ቡናዬን አድኑልኝ አልሁ እንጂ ግደሉልኝ አላልሁም። ይህን አፈር የምታርሰው መጀመሪያ እኔን አርሰህ ነው።»

በሬዎቹ በመጡበት ተመለሱ፤ ስንዴውም ቀረ። አክስቴም እንደተባለው ተባረሩ። እኔ ግን እስከ ዛሬ እኮራባቸዋለሁ፤ በዚያ ክረምት ጨው የሌለውን አልጫቸውን እየበሉ፣ በተነቀለው እግር ሁሉ ፋንታ አዲስ ቡና ተከሉ።