ያስታረቅኳት ሴት

ባለፈው ሰኞ የእህቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ደውላ ለሁለተኛ ዲግሪ ሦስት ቦታ ተቀባይነት እንዳገኘች ነገረችኝ። ሦስቱም የጋብቻና የቤተሰብ ቴራፒ ናቸው፤ አንዱ የማታ፣ አንዱ የርቀት፣ አንዱ ደግሞ ሥራ አስለቅቆ ሙሉ ቀን የሚያስተምር። "አክስቴ፣ አንቺ እንዴት ነበር የመረጥሽው?" አለችኝ። ሰው ይህን ሲጠይቀኝ የምሰጠው የተዘጋጀ መልስ አለኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ የሰው ችግር ይሰማኝ ነበር፣ ቤተሰብ የአገር መሠረት ነው፣ እያልኩ እቀጥላለሁ። ስብሰባ ላይ ብዙ ጊዜ ብዬዋለሁ፤ ተጨብጭቦልኝም ያውቃል። ያን ቀን ግን ልጀምረው አፌን ስከፍት አንገሸገሸኝ።

"ተናድጄ ነው የመረጥኩት" አልኳት።

ስሜ ትዕግሥት ነው። እናቴ ስሙን ስታወጣልኝ ገና አላወቀችኝም ነበር። ለእህቴ ልጅ ያን ቀን የነገርኳትን ነው እዚህ የምጽፈው፤ ለእሷ በስልክ ስነግራት የዘለልኩትንም ጨምሬ።

ነገሩ የሆነው ቦንጋ ነው። ዘመኑ ሥራ ሁሉ በቁጥር የሚመዘንበት የግምገማና የቢኤስሲ ዘመን፣ እኔም የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ሳይኮሎጂ ተምሬ፣ በማስታወቂያ ተወዳድሬ፣ ከደብረ ብርሃን ተነስቼ ሄድኩ። በገብስ ዳቦና በደረቅ ብርድ ያደግኩ ሰው ዝናብ የማያባራበት አገር ገባሁ። ቦንጋ ውስጥ "ዛሬ እኮ አልዘነበም" የሚለው ራሱ ወሬ ነው። መንገዱ ሽቅብና ቁልቁለት ነው፤ ጠዋት ቢሮ ስደርስ ጫማዬ ጭቃ ተሸክሞ እጥፍ ይከብደኝ ስለነበር በር ላይ ቆሜ በእንጨት እፍቅ ነበር። አገሩን ግን ወደድኩት። አከራዬ የጎደሬ ቅቅል በዳጣ ታቀርብልኝ ነበር። ቆጮን በጎመን መብላት በሁለተኛው ወር ለመድኩ፤ ማሩንማ ለመልመድ ጊዜ አላስፈለገኝም።

ያልለመድኩት ቋንቋውን ነው። ቢሮው አማርኛ ነው፣ ባለሱቁ አማርኛ ያውቃል፣ ባጃጁም በአማርኛ ያደርሰኛል፤ ታዲያ ምን አስቸገረኝ? ሁለት ዓመት ሙሉ ከሰላምታ ያለፈ ካፊኖኖ አላወቅኩም። አሁን ሳስበው ይህ ራሱ ያበግነኛል። ሰው አገር ሄጄ፣ በማልሰማው ቋንቋ የሚነገር የሰው ትዳር ላይ ተቀምጬ ነበር።

የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም። ሥራዬ የተጣሉ ባልና ሚስት ማነጋገር ነበር። ሁለቱ ይጠራሉ፣ አንድ ሽማግሌ ይገኛል፣ ይነጋገራሉ፤ ከዚያ የዕርቅ ቃለ ጉባኤ በሦስት ኮፒ ይሞላና ሁላችንም እንፈርማለን። በዕቅዳችን ላይ "የታረቁ ባለትዳሮች" የሚል ረድፍ ነበር። ከዱላ ያመለጡ ሚስቶች የሚል ረድፍ ግን አልነበረም። ተለያይተው በሰላም የሚኖሩ የሚልም የለም፤ የሚለያዩት እኛ ዘንድ እንደ ጉድለት ነበር የሚታዩት። እኔ ደግሞ ፈጣን ነበርኩ። ከምሳ በፊት ሁለት ትዳር አስታርቄ የምወጣበት ቀን ነበር፤ እግዚአብሔር ያሳያችሁ።

ከገጠር የሚመጡት ብዙዎቹ አማርኛ ስለማይናገሩ ጋሽ ገብሬ ያስተረጉሙልኝ ነበር። ጋሽ ገብሬ ንጹሕ ጋቢ የማይለያቸው፣ ለስላሳ ድምፅ ያላቸው፣ በሽምግልና የታወቁ ሰው ነበሩ። ክፍያ አይቀበሉም። እኔን "ልጄ" ነበር የሚሉኝ፤ አባቴ በሕይወት ስላልነበረ ቃሉ ደስ ይለኝ ነበር።

በሚያዝያ አስካለ የምትባል ሴት መጣች። የሦስት ሰዓት መንገድ በእግሯ ተጉዛ፣ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነክቶት ነበር። ከእኔ ብትበልጥ በሁለት ዓመት ነው። ባሏ ባርኔጣውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ አጠገቧ ተቀመጠ። ችግሯን ጠየቅኳት፤ ጋሽ ገብሬ አስተረጎሙላት። ተናገረች። ረጅም ጊዜ ነው የተናገረችው። እሳቸውን ሳይሆን እኔን እያየች ነበር፤ ሁለት ጊዜ እጇን አንስታ ማጅራቷን ነካች። ስትጨርስ ጋሽ ገብሬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ሲጠጣ ይቆጣኛል፤ ቢሆንም የልጆቼ አባት ነው፣ ታርቄያለሁ ነው የምትለው" አሉኝ።

"ይህን ሁሉ ተናግራ ሌላ ነገር የለም?"

"የሴት ነገር ታውቂው የለም እንዴ፤ ዙሪያውን ነው የምትሄደው። ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል፣ ልጄ።"

ሳቅኩ። ይህን ለእህቴ ልጅ አልነገርኳትም፤ ሳቄን ዘለልኩት። ስድስት ሰዓት ሆኖ ርቦኝ ነበር። ቃለ ጉባኤውን ሞላሁ፣ ባልየው ፈረመ፣ አስካለ ደግሞ መፈረም ስለማትችል ጣቷን ቀለም ላይ እንድታሳርፍ አሳየኋት። እጇ እንቢ አለ። ቀለሙን ፈርታ መሰለኝ። ጣቷን ይዤ ወረቀቱ ላይ ያሳረፍኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ምሳ በላሁ።

ሰኔ ላይ ዓመታዊ ግምገማ ሆነ። አቶ ደምሴ፣ የሥራ ሂደታችን ባለቤት፣ ቆመው አመሰገኑኝ። ከሁሉም ባለሙያ ብዙ ትዳር ያስታረቅኩት እኔ ነኝ ተባለ። ሽልማቱም ተነገረ፤ ደሞዜ ሳይቋረጥ ሁለተኛ ዲግሪ እንድማር መሥሪያ ቤቱ ይልከኛል። "ማኔጅመንት ሙዪ፤ መዋቅሩ ላይ ቦታ ያለው እሱ ነው" አሉኝ ፎርሙን ሲሰጡኝ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። በዚያው ሰሞን አዲስ አበባ የጋብቻና የቤተሰብ ቴራፒ በሁለተኛ ዲግሪ ደረጃ መከፈቱን የሚገልጽ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ አይቼ አልፌዋለሁ። እሱንማ እችልበታለሁ ብዬ።

በማግስቱ ፎርሙን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቼ ሳለ ጸሐፊያችን እትዬ አበበች በሩን ከፈቱ። እትዬ አበበች የቦንጋ ተወላጅ ናቸው፤ ያን ቃለ ጉባኤ ሁሉ በኮምፒውተር የሚጽፉት እሳቸው ነበሩ። ከኋላቸው አስካለ ቆማለች። ግራ ክንዷ በነጠላ ቁራጭ ታስሮ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። ዝናቡ ከፀጉሯ ይንጠባጠባል።

"ይቺ ሴት አንቺን ብላ ነው የመጣችው" አሉኝ እትዬ አበበች።

አስካለ ተናገረች። ከሚያዝያው አጠር ያለ ነበር። እትዬ አበበች አንድ ቃል ሳያስቀሩ ነገሩኝ። "ያን ቀን ያልኩሽ፣ ወደዚያ ቤት ከምትመልሱኝ እዚሁ በራችሁ ላይ ልደር ነው። በእንጨት ማጅራቴን እንደመታኝ ነግሬሻለሁ። ልጆቼን ይዤ እናቴ ጋ ልሂድ፣ ወረቀት ስጡኝ ብዬሻለሁ። አንቺ ሳቅሽ። ጣቴን ይዘሽ አስፈረምሽኝ። ወረቀቱን ቤት ወስዶ ግድግዳ ላይ ሰቀለው፤ መንግሥት ታርቀሻል ብሏል እያለ ነው ክንዴን የሰበረው።"

"ጋሽ ገብሬ እኮ እንዲህ አላሉኝም" አልኩ።

"ገብሬ የባልየው አጎት ነው" አሉ እትዬ አበበች።

"ለምን አልነገሩኝም?"

"መቼ ጠየቅሽኝ? እኔ እዚሁ ማዶ ነው የምቀመጠው። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን 'እትዬ አበበች፣ ምንድን ነው የምትለው' ብለሽ ታውቂያለሽ?"

ያን ጊዜ የተሰማኝን በጨዋ ቃል ልጽፈው አልችልም። በጋሽ ገብሬ ደሜ ፈላ፤ በራሴ ግን ከዚያ ባሰ። እሳቸው ዋሹኝ እንጂ ዓይኔን አልሸፈኑትም። ያን ሁሉ ጊዜ የተናገረች ሴት በሁለት ዐረፍተ ነገር ስትጠቀለል ጆሮ ያለው ሰው ይጠረጥራል። እኔ ጥርጣሬዬን በምሳ ሸጥኩት።

አስካለን እትዬ አበበች ጤና ጣቢያ ወሰዷት። እኔ ቃለ ጉባኤውን ይዤ አቶ ደምሴ ቢሮ ገባሁና ዕርቁ እንዲሰረዝ፣ ጋሽ ገብሬም ከእንግዲህ እንዳያስተረጉሙ ጠየቅኩ።

"ሪፖርቱ እኮ ሄዷል" አሉኝ።

"ሪፖርቱ ይሂድ፤ ሴትየዋ ግን ክንዷ ተሰብሯል።"

"ገባኝ፣ ያሳዝናል። እሷን እንደ አዲስ ኬዝ ክፈቺላት፤ እንደገና ታስታርቂያቸዋለሽ። ጋሽ ገብሬን ግን አትንኪ፣ የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው። ይልቅ ፎርሙን አርብ ሳይደርስ አስገቢ።"

እንደ አዲስ ኬዝ! ያችው ሴት በሁለት ዓመት ዕቅድ ሁለት ጊዜ ልትታረቅልን ነው። ሰውየው ክፉ አልነበሩም፤ ይህን ሲሉ ድምፃቸው ደግ ነበር። ያ ነው ዛሬም የሚያንገበግበኝ።

ጠረጴዛዬ ላይ ተመልሼ ፎርሙን ሞላሁ። የትምህርት ዘርፍ በሚለው ላይ "የጋብቻና የቤተሰብ ቴራፒ" ብዬ ጻፍኩ። በሳምንቱ የትምህርት ዕድል ኮሚቴው ጠራኝ። ሦስት ወንዶች ነበሩ።

"ይህ ዘርፍ መዋቅሩ ላይ የሥራ መደብ የለውም" አለ አንዱ።

"ባልና ሚስት የማነጋግርበት ወንበርስ?"

"እሱን ማንኛውም ዲግሪ ያለው ይሠራዋል።"

"ሲሠራ አየን" አልኩ።

ሁለተኛው ፈገግ አለ። "ደግሞ አንቺ ራስሽ ገና አላገባሽም፤ ስለ ጋብቻ ምን ብለሽ ልትመክሪ ነው?"

"ሐኪም ወባ ለማከም መጀመሪያ ወባ መያዝ አለበት?"

ፈገግታው ጠፋ። ዕድሉ ለሌላ ተሰጠ፤ የተሰጠውም ልጅ ማኔጅመንት ተምሮ መጣ። እሱን አልተቀየምኩትም።

በሐምሌ ቴሌ ሄጄ ተሰልፌ ሁለት ቦታ ደወልኩ። አንዱ በርቀት የሚያስተምር ነበር፤ ሥራዬንና ደሞዜን ሳልለቅ መማር እችላለሁ። "ሞጁል ይላክልሻል፤ ጅማ መጥተሽ ትፈተኛለሽ" አለኝ ሰውየው። "ከሰው ጋር ተቀምጬ የምለማመደውስ?" ስለው "ከየትኛው ሰው?" አለኝ። ሁለተኛው ያ ማስታወቂያው የተለጠፈው፣ ሙሉ ቀን የሚያስተምረው ነው። የመለሰችልኝ ሴት ረጋ ብላ አስረዳችኝ። "ባለጉዳይ ስታነጋግሪ መምህርሽ ጥግ ላይ ይቀመጣል። ሲያልቅ ምን እንዳልሰማሽ ይነግርሻል" አለችኝ። ስልኩን ሳልዘጋ ወሰንኩ። ደሞዝ የለም፣ አዲስ አበባ ማረፊያ የለኝም፣ እናቴ ደግሞ የምትኖረው ከደሞዜ በምልክላት ገንዘብ ነበር። ውጪ ካፊያ ነበር፤ ከአንዲት ሴት የተጠበሰ የበቆሎ እሸት ገዝቼ ቆሜ እየበላሁ አለቀስኩ። ንዴት ነው ያስለቀሰኝ።

ከመሄዴ በፊት አንድ ነገር አደረግኩ። አስካለ እናቷ ጋ ሆና የፍቺ ክስ ስለከፈተች ለፍርድ ቤት ደብዳቤ ጻፍኩ። ዕርቁ ሴትየዋ ሳትስማማ የተደረገ መሆኑን፣ አስተርጓሚው የባል አጎት መሆናቸውን፣ ጣቷን ይዤ ያስፈረምኳት እኔ መሆኔን ዘረዘርኩ። እትዬ አበበች በኮምፒውተር ሲጽፉት "ጣቷን ይዤ" የሚለው ላይ ቆም አሉ። "ይቅር?" አሉኝ። "አይቅር" አልኩ። አቶ ደምሴ ኮፒው ሲደርሳቸው አስጠርተው "ራስሽን እኮ ነው የከሰስሽው" አሉኝ። ልክ ብለዋል። የሥራ መልቀቂያዬን በዚያው አስገባሁ፤ ነሐሴ ላይ በጅማ በኩል በሚኒባስ ወጣሁ።

የአስካለ ፍቺ የተወሰነው የትምህርቴን ሁለተኛ ዓመት ስጀምር ነው። እትዬ አበበች ደውለው ነገሩኝ፤ ልጆቹም ከእሷ ጋር ሆኑ። ተመርቄ ወደ ቦንጋ ስመለስ በመጀመሪያው የገበያ ቀን አየኋት። በገመድ የተሰካ ኮረሪማ ዘርግታ ትሸጣለች። ቀርቤ በተሰባበረ ካፊኖኖ ሰላም አልኳት። እሷ በገበያ በለመደችው አማርኛ መለሰችልኝ።

"ተምረሽ መጣሽ አሉ።"

"አዎ።"

"ምን ተማርሽ?"

"ሰው ሲናገር መስማት።"

አንዱን ገመድ አንስታ የላላውን ቋጠሮ አጠበቀች። "እሱ ትምህርት አለው?"

"ሁለት ዓመት።"

"ሁለት ዓመት" አለች። አልሳቀችም። "ያን ቀን ዓይኔን ብታዪ ይበቃ ነበር።"

"ልክ ነሽ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው" አልኳት። ሁለት ገመድ ኮረሪማ ገዛሁና ሄድኩ።

የእህቴ ልጅ ይህን ሁሉ ዝም ብላ ሰማችኝ። ሰው አቋርጦ ከመናገር መታገሷን ወደድኩላት፤ ለሙያው ትሆናለች። የትኛውን ትምህርት ቤት እንደምትመርጥ አልነገርኳትም፤ ጥግ ላይ ማን እንደሚቀመጥ ጠይቂ ብቻ አልኳት። ከዚያ ወዲህ ብዙ ባልና ሚስት ፊቴ ተቀምጠዋል፤ የታረቁም የተለያዩም አሉ፣ ስንት ስንት እንደሆኑ ግን ቆጥሬ አላውቅም። ንዴቱ በረደ ወይ ቢሉኝ አልበረደም። እንዲበርድም አልፈልግ፤ ስድስት ሰዓት ሲሆን ርቦኝ እንኳን ወንበሬ ላይ የሚያቆየኝ እሱ ነው።

ስልኩን ልንዘጋ ስንል ልጅቷ ፈራ ተባ እያለች ጠየቀችኝ። "አክስቴ፣ ይቅርታ ጠየቅሻት?"

"ጥፋቱ የእኔ ነው ብያታለሁ፤ ፍርድ ቤትም ጽፌዋለሁ። ይቅር በይኝ ግን አላልኳትም" አልኳት። "አስካለን አንድ ጊዜ ታረቂ ብያታለሁ። ሁለተኛ አልላትም።"