አያ ተሰማ ያላየው ዋንጫ

ልጅ ሳለሁ፣ አዘዞ በነበረው ቤታችን፣ እራት ተበልቶ ምድጃው ውስጥ ፍም ብቻ ሲቀር፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም አያ ተሰማ ያጫውተን ነበር። የጎረቤት ልጆች የጅብና የጦጣ ተረት ሲሰሙ እኛ የምንሰማው የፈረንሳይ ኳስ ነበር። ጣሊያን ከወጣ በኋላ ጅቡቲ ወርዶ፣ ከዚያም ባሕር ተሻግሮ፣ አንድ የፈረንሳይ ወደብ ላይ ጭነት ሲያወርድ ከርሟል። እሑድ እሑድ የከተማውን ቡድን ያይ ነበርና የዚያን ዓመት ጨዋታ ሁሉ በቃሉ ይዞት መጣ።

ያኔ የኩራዙ ብርሃን የፊቱን ግማሽ ብቻ ያሳየናል። በከሰል ስባሪ መሬቱ ላይ ሜዳውን ይስልና ይጀምራል፤ ቡድኑ በመስከረም እንዴት እንዳማረበት፣ ብርዱ ሲገባ በየከተማው ጭቃ ላይ እየተንሸራተተ እንዴት እንደተሸነፈ፣ ሻምፒዮናው ገና ሳያልቅ እንዴት ተስፋው እንደተቆረጠ። ለቡድኑ የቀረለት፣ ትልቁም ትንሹም፣ የገጠሩ ቡድን ሳይቀር በዕጣ የሚገናኝበት ዋንጫ ብቻ ነበር። የዳቦ ጋጋሪዎችና የግንበኞች ቡድን በበረዶ ላይ አስጨንቆ አቻ ሲያወጣቸው እኛ እናጨበጭባለን፤ አያ ተሰማ ይቆጣል።

«ምነው! የኔን ሰዎች ትታችሁ ለማን ነው የምታጨበጭቡት?»

እናቴ ግን ወሬው ገና ሲጀመር እንዝርቷን ይዛ ጓዳ ትገባለች። ምክንያቱን ከጎረቤት ነው የሰማሁት። አያቴ በሞት አልጋዋ ላይ ልጇን ስትጣራ ቆይታ፣ እሱ የደረሰው አርባዋ ከወጣ በኋላ ነበር። «እናታችን ስታጣጥር እሱ ኳስ ያይ ነበር» ትላለች እናቴ፣ ለሌላ ሰው። ለእሱ ትንፍሽ ብላ አታውቅም። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ሲባል እየሰማች በየማለዳው ቤተ ክርስቲያን ትሳለማለች።

አንድ የክረምት ማታ የጓዳው ጣሪያ አፈሰሰና ሳትወድ እኛው ዘንድ ተቀመጠች። አያ ተሰማ ወሬውን ቀጠለ፤ ቡድኑ ለፍጻሜው አለፈ፤ ከተማው በደስታ አበደ፤ አያ ተሰማ ጨዋታው ወዳለበት ከተማ የሚወስደውን የባቡር ቲኬት ቆረጠ። እዚህ ላይ ሁልጊዜ ያቆማል። እኛ ለምደነዋል፤ እሷ ግን ቀና አለች።

«ታዲያ ዋንጫውን ማን ወሰደው?»

«እንጃ።»

«እንዴት እንጃ? አልነበርህም?»

«የእማማን መታመም አንድ የጎንደር ልጅ የነገረኝ በዋዜማው ነው። በነጋታው መርከብ ላይ ነበርሁ። መርከብ ደግሞ ያዘግማል፣ እህቴ።»

እንዝርቷ ቆመ።

«ምነው ይህን ሁሉ ዘመን ሳትነግረኝ?»

«መች ቁጭ ብለሽ ሰማሽኝ?» አለ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ቢቆጣ ይሻላት ነበር።

ያኔ የሚያወራው ለእኛ ለልጆቹ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው፣ ያን ሁሉ ማታ ያወራ የነበረው ለጓዳው ነው። ከዚያ ወዲህ እናቴ ከምድጃው ዳር ተነስታ አታውቅም፤ ምን ያደርጋል፣ ጊዜው አጭር ሆነ። ጥቅምት ሳይወጣ አያ ተሰማ ደረቱን ታሞ ሞተ።

የኳሱን ነገር ከሞላ ጎደል ረስቼዋለሁ። ያልረሳሁት ለቅሶውን ነው። እናቴ ደረቷን እየደቃች «ዋንጫህን ጥለህ የመጣኸው ወንድሜ፣ ምነው ቀድሜ በሰማሁህ!» ትል ነበር። ለቀስተኛው እርስ በርሱ ተያየ። የገባን እኛ ልጆቹ ብቻ ነበርን።